ጥሩንባው ሲነፋ ወደ ላይ

እናቴ ካዛንቺስን ለቃ እኔ ቤት ስትገባ ይዛ የመጣችው አንድ ፍራሽ፣ ሁለት ሻንጣና አንድ ትልቅ ጭንቀት ነበር። ለፍራሹና ለሻንጣዎቹ ቦታ አገኘንላቸው። ጭንቀቷ ግን ጠዋት ቁርስ ላይ አብሮን ይቀመጣል፣ ማታም ከእኛ ጋር ዜና ያያል።

“ሰብሊ፣ እዚህ ሰፈር እኔን ማን ይቀብረኛል?”

“እማዬ፣ ገና ሰባ አምስት ዓመትሽ እኮ ነው።”

“አምስት ብቻ ያልሽ አስመሰልሽው።”

ካዛንቺስ ውስጥ እሷ ያልቀበረችው ሰው አልነበረም። ተወልዳ ያደገችበት፣ አግብታ የወለደችበት፣ አባቴንም የሸኘችበት ሰፈር ነው። ሰፈሩ ሲፈርስ ጎረቤቶቿ ግማሾቹ ገላን፣ ግማሾቹ አራብሳ ሄዱ፤ እድራቸውም አብሮ ተበተነ። እኔ የምኖረው ቄራ ጀርባ፣ ወደ ወንዙ በሚወስደው ቁልቁለት ላይ ነው። ልጅሽ ዘንድ መጣሽ፣ ምን ጎደለሽ እላታለሁ። “እዚህ ማንንም አልቀበርኩም” ትለኛለች። ስታወራ የሆነ ከተማ ውስጥ ያለ መታወቂያ የተገኘች ሰው ትመስላለች። እኔ ደግሞ ትዕግሥት የለኝም፤ ስለ ሞት ማውራት በጀመረች ቁጥር ተነሥቼ ዕቃ ማጠብ ነው።

በመጨረሻ መፍትሔውን ራሷ አገኘችው። የሰፈራችንን እድር ገባች፤ ከዚያ ወዲህ ጥሩንባ በተነፋ ቁጥር ከሰፈሩ ሁሉ ቀድማ የምትወጣው እሷ ሆነች። የእድሩ ለፋፊ ጋሽ ሊካሳ መጀመሪያ ጥሩንባውን ይነፋሉ፣ ቀጥለው የሟቹን ስምና የቀብሩን ሰዓት ይጮኻሉ። ስሙን ቤቱ ቁጭ ብሎ የሚጠብቅ ግን የለም። ጥሩንባ ከተሰማ ነጠላ ይዘቀዘቅና ቁልቁል ወደ እድር ቤቱ ይወረዳል፤ ድንኳኑም፣ አግዳሚ ወንበሩም፣ ድስቱም ያለው እዚያ ነው። “ማን ነው?” ተብሎ የሚጠየቀው እዚያ ከተደረሰ በኋላ ነው። እድር ቤቱ ያለው ወንዙ አፋፍ ላይ ነው፤ እድሩ ሲመሠረት ማንም ያልፈለገው ቦታ እሱ ብቻ ስለነበር።

ወንዶቹ ድንኳን ለማውጣት ሲደርሱ እናቴን ጨርቅ ይዛ አግዳሚዎቹን ስትወለውል ያገኟታል። ወይኒ የምትባል ግድግዳ የምንጋራ ጎረቤት አለችኝ፣ አፏ አያርፍም። “እማማ ጀማነሽ እኮ ከሟች ቤተሰብ ቀድመው ነው የሚሰሙት” እያለች ትስቃለች። እናቴ ይህን ስትሰማ ቅር አይላትም። ስሟን ማወቃቸው ይበቃታል፤ በዓመት ከምናምን ውስጥ ቁልቁለቱ ላይ እማማ ጀማነሽን የማያውቅ ሰው ጠፋ።

አሁን ወደ ወረዳችን ልምጣ። ወረዳችን ማስታወቂያ ይወዳል። ሞንታርቦ የጫነች ፒካፕ አለችው፤ እየዞረች ስለ ጽዳት ዘመቻ፣ ስለ ክትባት፣ ስለ ስብሰባ ትለፈልፋለች። ድምጿ ብቅ ሲል ሰው ሁሉ የቴሌቪዥኑን ድምፅ ከፍ ያደርጋል። “የአደጋ ጊዜ መረጃ” የሚባል የቴሌግራም ግሩፕም አለው። ቁም ነገር መስሎኝ ገባሁ። የእንኳን አደረሳችሁ ፖስተርና በስብሰባ አዳራሽ የተኮለኮሉ ሰዎች ፎቶ ሲዘንብብኝ በሳምንቱ ሚዩት አደረግሁት። ሚዩት ያላደረገ ጎረቤት ካለኝ እስከ ዛሬ አላገኘሁትም።

ሐምሌ ላይ የወረዳው የአደጋ መከላከል ባለሙያ፣ አቶ ታዲዎስ፣ የእድሩ ስብሰባ ላይ ተገኘ። ወጣት ነው፤ ቢሮክራት ከመሆኑ በፊት እናቱ በደንብ ያሳደገችው ዓይነት ልጅ። ክረምቱ ከባድ እንደሚሆን ነገረን፤ ላይ እንጦጦ በኩል ሲዘንብ እኛ ጋ ፀሐይ ቢሆንም ወንዙ በድንገት ሊሞላ ይችላል አለ። ከዚያ ወረቀቱን አጠፈና እንደ ሰው ማውራት ጀመረ።

“ማለቴ፣ እውነቱን እንነጋገር፤ እኛን የሚሰማን የለም። ሞንታርቦውን አትሰሙትም፣ ቴሌግራሙን አታዩትም። ይሄ ሰፈር የሚሰማው አንድ ነገር ብቻ ነው፣ የጋሽ ሊካሳን ጥሩንባ። በቃ፣ ወንዙ ሲሞላ ለሳቸው እንደውላለን፣ እሳቸው ይነፋሉ፣ ጎርፍ ነው ወደ ላይ ውጡ ይላሉ፣ ሰው ይተርፋል።”

ቀድማ የተነሣችው እናቴ ነበረች።

“እግዚአብሔር ይስጥህ ልጄ፣ ደግ አሰብክ። ለጥሩንባ የማይወጣ ማን አለ?”

ተጨበጨበ። አቶ ታዲዎስ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ለእናቴ ጎንበስ አለ። ጋሽ ሊካሳ ስልካቸውን አስመዘገቡ፤ ሊቀመንበሩ ሐሳቡን ከሦስት ዓመት በፊት እሱም አስቦት እንደነበር ተናገረ፤ ሻይ ጠጥተን ተበተንን። በዚያ ሁሉ ሰው መካከል፣ ለጥሩንባ የወጣ ሰው እግሩ ወዴት እንደሚወስደው የጠየቀ አንድ ሰው እንኳ አልነበረም። እስከ ዛሬ ሳስበው ክው እላለሁ። ሁላችንም እኮ መልሱን እናውቀው ነበር።

ፍልሰታ ገብቶ፣ ዓርብ ቀን ነው። እኔ የዓመት ፈቃድ ላይ ነበርኩ፤ ባለቤቴ አምኃ ሥራ ነው። እናቴ ከቅዳሴ ስትመለስ ዘጠኝ ሰዓት አልፎ ነበር፤ ከማለዳ ጀምሮ እህል ውሃ አልቀመሰችም። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይቀጠቅጠዋል። ሱፍ ፍትፍት አቀረብኩላት፣ እጇን ታጠበች፣ አማተበች። የመጀመሪያውን ጉርሻ ልትጠቀልል ስትል ጥሩንባው ተነፋ።

እጇ ሳህኑ ላይ ቆመ።

“ሰው ሞቷል” አለች።

“እማዬ፣ ብዪና ሂጂ። ዝናቡም ጋብ ይበል።”

“ሰው ሞቶ እኔ ልብላ?”

“ማን እንደሞተ እንኳ አልሰማሽም!”

“ስደርስ እሰማለሁ። ክደኚው፣ መጥቼ እበላዋለሁ።”

ጋሽ ሊካሳ ከጥሩንባው በኋላ የሆነ ነገር ይጮሁ ነበር። ዝናቡ ቃላቸውን ዋጠው፤ ቆርቆሮ ቤት ውስጥ በዚያ ዝናብ የሚሰማ ጥሩንባ ብቻ ነው። ስሙን እንደ ወትሮው መንገድ ላይ እንሰማዋለን ብዬ እኔም ጆሮ አልሰጠሁትም። እናቴ ነጠላዋን አዘቀዘቀች፣ የፕላስቲክ ጫማዋን አጠለቀች፣ በር ላይ የተሰቀለችውን ብቸኛ ጥላችንን ይዛ ወጣች። “ቶሎ ድረሽ፣ ሰው እንዳይታዘብሽ” አለችኝ። በእሷ ቤት ሰው ሊታዘበኝ ነው! ሳህኑን በክዳን ሸፈንኩት።

ጥላውን ስለወሰደችው የአምኃን የዝናብ ጃኬት ፍለጋ ቁም ሳጥን ውስጥ ገባሁ። ጃኬቱን ሳገኝ አልጋው ላይ የተጣለው ስልኬ በርቷል፤ አምኃ ሁለት ጊዜ ደውሎ አጥቶኝ መልእክት ልኳል። “የወረዳውን ግሩፕ እዪ” ይላል፣ ሌላ ምንም የለውም። ከፈትኩት።

“የተከበራችሁ የወረዳችን ነዋሪዎች፣ በቅድሚያ በልማቱና በሰላሙ ዘርፍ ላሳያችሁት የነቃ ተሳትፎ ያለንን ላቅ ያለ ምስጋና እየገለጽን…” ይላል። ወረድኩ። ምስጋናው አያልቅም። የጽዳት ዘመቻው ፎቶ አለ፤ የችግኝ ተከላው ፎቶ አለ። ከሁሉም ሥር፣ “በመሆኑም ወንዙ ከላይ በመሙላቱ የወንዝ ዳር ነዋሪዎች ጥሩንባ ሲሰሙ በአስቸኳይ ወደ ከፍተኛ ቦታ እንዲወጡ እናሳስባለን” ይላል።

አልጋው ላይ ቁጭ አልኩ፤ ለምን እንደተቀመጥኩ አላውቅም፣ መሮጥ ነበረብኝ። ደግሜ አነበብኩት። ጥሩንባ ሲሰሙ ወደ ላይ። እናቴ ደግሞ ጥሩንባ ሰምታ ወደ ታች ሄዳለች፤ ለዚያውም ከሁሉ ቀድማ።

ጃኬቱን ጣልኩና ባዶ እግሬን ወጣሁ።

መንገዱ ሰው በሰው ነው። ሁሉም ነጠላ አዘቅዝቋል፣ ሁሉም ቁልቁል ይሄዳል፤ ሽማግሌ በከዘራ፣ ሴት በድስት፣ እንደ ወትሮው ተረጋግቶ። “ተመለሱ! ጎርፍ ነው! ወደ ላይ ውጡ!” ብዬ ጮህኩ። ዝናቡ አፌ ላይ ይነጥቀኛል። እየሮጥኩ፣ እያዳለጠኝ፣ ሰው እየገፋሁ “እማዬ! እማዬ!” አልኩ።

እሱን ሰሙ። ከጮህኩት ሁሉ እሱን ብቻ ሰሙ።

እስቲ በእነሱ ዓይን እዩት። ጥሩንባ ተነፍቷል፣ ማን እንደሞተ አልታወቀም፤ ይኸው አንዲት ሴት በባዶ እግሯ፣ ጸጉሯን በትና፣ እማዬ እያለች ቁልቁል ትሮጣለች። ሰፈራችን እንዲህ ያለችውን ሴት ምን እንደሚያደርጋት ያውቃል። ሐዘንተኛ ራሷን እንዳትጎዳ ትያዛለች።

“ውይ! እማማ ጀማነሽ ናቸው እንዴ!” አለ አንዱ።

“ያዟት! ያዟት፣ እንዳትወድቅ!”

ያዙኝ። ሁለት ወንዶች በሁለት ክንዴ፣ ወይኒ ደግሞ ከኋላ ወገቤን። እንዴት አድርገው እንደያዙኝ! በዚያ ሁሉ ደግነታቸው፣ በዚያ ሁሉ ጉልበታቸው።

“ወይኒ ልቀቂኝ! ጎርፍ ነው፣ እማዬ እታች ናት!”

“አዎ የኔ እናት፣ አልቅሺ፣ ይውጣልሽ” አለችኝ ወይኒ፤ ራሷም ማልቀስ ጀምራለች። “እግዚአብሔር ያጥናሽ ሰብሊዬ። ትናንት እኮ ደህና ነበሩ።”

እናቴ በሕይወት ነበረች። እያየኋት ነበር። በሰዎቹ ትከሻ መካከል የእድር ቤቱ በር ይታየኛል፤ ጥላዋን ግድግዳው ላይ አስደግፋ፣ ጨርቋን ይዛ ደጃፉ ላይ ቆማለች። ጩኸት ሰምታ ነው የወጣችው። ዓይኗ ስለደከመ ማን እንደሆንኩ አልለየችም መሰለኝ፤ የምታለቅስ ሴትና የያዟትን ሰዎች አየች። እጇን ዘርግታ፣ ሐዘንተኛ እንደምትቀበል፣ ኑ ኑ አለችን። እኔ ቆሜ እያየኋት እየጮህኩ፣ ጎረቤቶቼ ስለ እሷ እያጽናኑኝ ነበር። ይህን ለማን እንደምነግረው፣ ተነግሮስ ማን እንደሚያምነኝ አላውቅም።

ድምፁ ቀድሞ መጣ፤ ገልባጭ መኪና ድንጋይ ሲደፋ ዓይነት ድምፅ ነው። ቀጥሎ የእድር ቤቱ የጀርባ ግድግዳ ወደ ውስጥ ገባ። ውሃው ቡናማ ነበር፤ ጎማ ይዟል፣ የቆርቆሮ አጥር ይዟል፣ የፍሪጅ በር ይዟል። አግዳሚዎቹ በመስኮቱ ወጡ። በሩ የነበረበትን ቦታ አየሁ፤ በር የለም። እናቴ የቆመችበትን አየሁ።

እጆቹ ሁሉ ባንዴ ለቀቁኝ። ሰው ገባው። አሁን ነው ሰው የገባው። ድስቱ እየተንኳኳ፣ ከዘራው እየወደቀ፣ ሁሉም ሽቅብ ሮጠ። ወይኒ ብቻ ወገቤን አልለቀቀችም፤ ስትጮህ ድምጿ ጀርባዬ ላይ ይሰማኛል። ወደ ላይ እየጎተተች ወሰደችኝ።

ከጎን ባለው መተላለፊያ ጋሽ ሊካሳ ብቅ አሉ። በስብሰዋል፣ ጥሩንባቸው ደረታቸው ላይ ነው፣ ድምፃቸው ተዘግቷል።

“ወደ ላይ ነው እኮ ያልኩት” ይላሉ። “ወደ ላይ ብዬ ነው የጮህኩት። ወደ ላይ ብዬ ነው።”

በኋላ ብዙ ሰው “ተመስገን፣ ሌላ ሰው ሳይገባ ነው” ሲል ሰማሁ። እውነት ነው፣ ቀድማ የደረሰችው እሷ ብቻ ነበረች። ተመስገን ለማለት ሞከርኩ፣ አፌ እምቢ አለኝ።

አልተገኘችም። እሳት አደጋዎች መጡ፣ ጠላቂዎች መጡ፤ አምኃ ከነሱ ጋር ወንዙን ተከትሎ ወረደ። ሬሳ ሳይገኝ ድንኳን አይተከልም፤ ጎረቤት እየመጣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ “ይገኛሉ፣ አይዞሽ” ብሎኝ ይሄዳል። ለቅሶም አይደለም፣ ጥየቃም አይደለም። የሱፍ ፍትፍቷ ክዳኑን እንዳደረገ ጠረጴዛው ላይ ነው፤ ላነሣው የደፈረ የለም።

አቶ ታዲዎስ በእነዚያ ቀናት የተኛ አይመስለኝም። ከቤት ቤት እየዞረ፣ ሱሪው እስከ ጉልበቱ ጭቃ ሆኖ፣ ልጅ አዋቂውን ሁሉ ያስተምራል። “ጥሩንባ ስትሰሙ ወደ ላይ! ወደ ታች አይደለም! በቃ፣ ምንም ሳትጠይቁ ወደ አስፋልቱ!” ሰዉ አሁን ይሰማዋል። ወይኒ ሰነዶቿን በፌስታል አድርጋ በር ላይ ሰቀለች፤ ልጆቹ በጫማቸው ይተኛሉ።

እኛም ቤት መጣ። ደጃፉ ላይ ቁጭ አለና “የመረቁኝ እሳቸው ነበሩ” ብሎ እንደ ሕፃን አለቀሰ። በጥፊ ልለው ፈልጌ ነበር፣ እውነቴን ነው። ውሃ ቀድቼ ሰጠሁት።

በሦስተኛው ቀን ጎሕ ሲቀድ አምኃ ሁለት ሽማግሌዎች አስከትሎ ገባ። ሽማግሌ ይዞ ሲገባ ሳየው ሌላ ማብራሪያ አላስፈለገኝም። ታች ድልድዩ ሥር ተገኝታለች። ነጠላዋ አልወለቀም፤ ለቅሶ እንደወጣች እንደተዘቀዘቀ ነው።

ከላይኛው ሰፈር እድር ድንኳንና ወንበር ተለምኖ መጣ፣ ሰፈሩ ገና ሳይነቃ እኛ በር ላይ ተተከለ። ጋሽ ሊካሳ ጥሩንባውን በፌስታል ጠቅልለው ደጃፉ ላይ ቆሙ። አይገቡም፣ አይሄዱም።

“እንዴት አድርጌ ልንፋው?” አሉ በዚያ በተዘጋ ድምፃቸው።

መልሱን እኔ ሰጠሁ።

“እንደ ወትሮው ይንፉት ጋሽ ሊካሳ። ጥሩንባ ሳይነፋላት አትቀበርም።”

ነፉት። ረጅም ነበር፤ እስትንፋሳቸው እስኪያልቅ ነፉት። ስሟን ሊጠሩ ሞከሩ፣ ድምፅ አልወጣቸውም። ዝናቡም እንደገና ጀምሯል።

ድንኳኑ ውስጥ፣ ማዕዘኑ ላይ ተቀምጬ ጠበቅሁ። የሰው እግር ሰማሁ፤ ብዙ እግር። ቀና አልኩ፣ ነጠላዬን አስተካከልኩ። እግሮቹ ግን እየራቁ ነበር። በር ይከፈታል፣ ሕፃን ያለቅሳል፣ “ቶሎ፣ ቶሎ ውጡ!” ይባላል፤ ሁሉም በድንኳናችን ጎን ሽቅብ ያልፋል። ከድንኳኑ ወጥቼ አየሁ። ቁልቁለቱ ባዶ ነው። አንድ ሰው የለም። በሦስት ቀን ሰፈሩ በሙሉ ተምሯል። ለማንም ለቅሶ ያልቀረችው እናቴ ጥሩንባዋ ተነፍቶ ሰው ሸሻት። “ማን ይቀብረኛል” ስትለኝ ተነሥቼ ዕቃ ሳጥብ የኖርኩት እኔ፣ የድንኳኑ ገመድ ላይ ተደግፌ ደርቄ ቀረሁ።

ከዚያ ወደ ላይ ወጣሁ። ሰዉ አስፋልቱ ዳር ተኮልኩሏል፤ ልጅ ያዘለ፣ ቴሌቪዥን የተሸከመ፣ ፍራሽ የጎተተ፣ ሁሉም ዓይኑ ወንዙ ላይ ነው። ወይኒ ፌስታሏን ደረቷ ላይ አጥብቃ ይዛለች። ስታየኝ ሮጣ መጣች።

“ሰብሊ! ነይ ውጪ፣ ምን ትሠሪያለሽ እታች? ውሃው ከየት ደረሰ?”

“ውሃ አይደለም” አልኳት። “እማዬ ናት። እማዬ ተገኘች።”

ወሬው ከፊት ወደ ኋላ ሄደ። ቴሌቪዥን የተሸከመው ሰውዬ ቀስ ብሎ መሬት አስቀመጠው። ሁሉም መጀመሪያ ወደ እኔ፣ ከዚያ ወደ ወንዙ አየ። ዝናቡ አላቆመም፤ ወንዙም ገና ሙሉ ነው። ውረዱልኝ ለማለት አፍ አልነበረኝም።

ወይኒ ፌስታሏን ለልጇ ሰጠች። ነጠላዋን ከትከሻዋ ገፍፋ አዘቀዘቀችና ቁልቁል መሄድ ጀመረች። ባለቴሌቪዥኑ ተከተላት፤ ከዚያ አንድ አሮጊት፣ ከዚያ ሦስት አራት ሆነው፣ ከዚያ ሁሉም። ልጆቹን ብቻ አስፋልቱ ላይ ትተው ወረዱ።

እኔ አብሬያቸው አልወረድኩም። ሰው ሁሉ እናቴ ዘንድ እስኪገባ ድረስ ውሃው ቢነሣ ልጮህላቸው ዳገቱ ራስ ላይ ቆሜ ወንዙን እጠብቅ ነበር።